እግርህን ሁሉም አየ፣ የወንድምህን ዓይን ማን አየ?

የዛሬው ደብዳቤ ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም እህት ዓለም። ዕድሜዬ 29 ነው፣ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ግራ እግሬ ቀጭኖ ቀርቷል። ከጉልበት በታች ብረት አስሬ በአንድ ክራንች እሄዳለሁ። ቀኝ እግሬ ደህና ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰችው እህታችን አውቶማቲክ ቪትዝ ገዝታለች። እሷ መንዳት ትፈራለች፣ እኔ ደግሞ ነፍሴ ነው። መንጃ ፈቃድ ላወጣ አንድ ማሰልጠኛ ሄጄ መዝጋቢዋ ክራንቼን ስታይ ‹ለአንተ አይሆንም፣ ገንዘብህን አታቃጥል› አለችኝ። ሐኪም ዘንድ እንኳ አልደረስኩም። እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ‹ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ልጄን ከማጣ ይቅርብኝ› ትላለች። አጎቴ ‹ጉዳይ ገዳይ አውቃለሁ፣ ብር ካለህ ቤትህ ድረስ ይመጣልሃል› ይለኛል። የሚያበሽቀኝ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው። 22 ዓመቱ ነው። ልጅ ሆኖ ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ ግራ ዓይኑን መቶት በዚያ ዓይኑ አያይም፤ ላይ ላዩን ግን ደህና ይመስላል። ለምርመራ ሲሄድ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ቀድሞ ሸምድዶ፣ ደህናውን ዓይኑን ሲሸፍኑበት በቃሉ አነበነበና አለፈ! አሁን ባጃጅ ሊይዝ ነው። ነገ ደግሞ ተሳቢ ይዤ ጂቡቲ እመላለሳለሁ ይላል። እኔ ሁለት ዓይኔ እያየ ተከለከልኩ፣ እሱ ገባ። ምን ይሻለኛል? ደግሞ ፈተና ስሄድ ብረቱ እንዳይታይ ሰፊ ሱሪ ልልበስ ወይስ ልናገር?»

አብሽር ወንድሜ። ደብዳቤህን ሳነብ በእናትህ ሳቅሁ፣ በመዝጋቢዋ ተናደድኩ፣ በወንድምህ ግን ደነገጥኩ። በአንተ እግር ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ።

አዎ፣ ቀላሉ። ማኑዋል መኪና ላይ ከታች ሦስት መርገጫ አለ። ቀኝ እግር ነዳጅና ፍሬን ይረግጣል። የግራ እግር ሥራ ፍሪሲዮን ብቻ ነው። አውቶማቲክ ላይ ፍሪሲዮን የሚባል መርገጫ የለም። ሁለት መርገጫ አለ፣ ሁለቱም የቀኝ እግር ናቸው። ግራ እግር እንደ ተሳፋሪ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እንዲያውም ሁለት እግሩ ደህና የሆነ ሰው ከማኑዋል ወደ አውቶማቲክ ሲዞር መጀመሪያ የሚነገረው «ግራ እግርህን ሰብስብ» ነው፤ ፍሪሲዮን የለመደ እግር ሳያስበው ፍሬኑ ላይ ካረፈ መኪናው በአንዴ ቀጥ ይላል፣ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ይለጠፍበታል። ስለዚህ በእህትህ ቪትዝ ውስጥ አንተና ሁለት እግሩ ጤነኛ የሆነው ጎረቤትህ ሥራችሁ አንድ ነው።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአውሮፓ መንጃ ፈቃድ ላይ ትናንሽ ቁጥሮች ይጻፋሉ። 78 የሚል ካለበት ባለቤቱ አውቶማቲክ ብቻ ይንዳ ማለት ነው። 01 የሚል ካለበት መነጽር ወይም ሌንስ ሳያደርግ እንዳይነዳ ነው። ሰውየውን ከመከልከል መኪናውን ይመርጡለታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። ሳናስበው ለአንተ ዓይነቱ ሰው መንገዱ እየተመቸ ነው ማለት ነው። (የዋጋውን ነገር አታንሱብኝ።)

አሁን ደግሞ አንተም ልትሰማው የማትፈልገውን ልንገርህ። ቀኝ እግሬ ደህና ነው ብለሃል። ማን አለህ? ራስህ ነህ ያልከው። ያ እግር የሁለት እግር ሥራ ሲሠራ ነው የኖረው። ፖሊዮ በልጅነት ይዟቸው ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከ15 ዓመትም ከ40 ዓመትም በኋላ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ድካምና የጡንቻ መላላት ይመጣባቸዋል፤ ደህና የሚሉትም እግር ሳይቀር። ሁሉንም አይይዝም፣ አንተንም ላይነካህ ይችላል። ግን ፍሬን ማለት ቀስ አድርጎ መንካት ብቻ አይደለም። ከፊትህ ልጅ ዘሎ ሲገባ ባለ በሌለ ጉልበትህ ትረግጠዋለህ፣ ረግጠህም ትይዘዋለህ። ስለዚህ ማሰልጠኛ ከመመለስህ በፊት ደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከሉ ጋ ውጣ። ምናልባት ብረትህንም የሠሩልህ እነሱ ይሆናሉ። ፊዚዮቴራፒስቱን ሁለት ነገር ጠይቀው፦ የቀኝ እግሬ ጉልበት ስንት ነው፣ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ስቀያየርስ ፍጥነቴ እንዴት ነው። ያለህን በወረቀት ይጻፍልህ። ያ ወረቀት ወደፊት «አይሆንም» ለሚልህ ሁሉ መልስ ነው።

ወደ መዝጋቢዋ ልምጣ። እሷ ሐኪም አይደለችም። ፈታኝም አይደለችም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 አለ፤ ብቃትህ የሚለየው በሕክምና ምርመራና በፈተና ነው እንጂ በር ላይ ክራንች በማየት አይደለም። ኢትዮጵያ ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 20 ስለ መንቀሳቀስ ነው፤ ሰው በተቻለ መጠን ራሱን ችሎ እንዲንቀሳቀስ መንግሥት ያግዝ ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እዚህ ላይ ጠበቃ ሁን እያልኩህ አይደለም። ቢሮ ገብተህ አንቀጽ መጥቀስ ከጀመርክ ሰው ይደነግጥና ጭራሽ ይዘጋብሃል። እንዲህ በል፦ «እሺ፣ እንደማይሆን የወሰነው ማን እንደሆነና ምክንያቱን ጻፉልኝ።» በትሕትና፣ ረጋ ብለህ። ብዙ ጊዜ «አይሆንም» የሚለው አፍ እስክሪብቶ ሲሰጡት ሐሳቡን ይቀይራል። ካልቀየረ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ውጣ፤ የከተማው ካልሰማህ ከእሱ በላይ ያለው አለ። እሱም ካልሆነ እንባ ጠባቂ የሚባለው ተቋም የተፈጠረው ለዚህ ዓይነት የአስተዳደር በደል ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበርም ካለ አብሮህ የሚሄድ ሰው ጠይቅ። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሆኖ መግባት የተለየ ነገር አለው።

ሌላ ማሰልጠኛም ሞክር፣ አንዷ ስላለች ሁሉም ዘግተዋል ማለት አይደለም። ግን ብር ከመክፈልህ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። አንደኛ፣ አውቶማቲክ መኪና አላችሁ ወይ? ብዙዎቹ የሚያለማምዱት በማኑዋል ነው። ሁለተኛ፣ የተግባር ፈተናውንም በአውቶማቲክ መፈተን እችላለሁ ወይ? ሁለተኛውን ማሰልጠኛውንም ፈታኙንም መሥሪያ ቤት ጠይቅ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ እስኪሰጡህ ድረስ አትክፈል። ቲዎሪውን ጨርሰህ፣ ምልክቱን ሁሉ አጥንተህ፣ በፈተናው ቀን ሦስት መርገጫ ያለው መኪና ቢቀርብልህ ያኔ የሚቃጠለው ብር ብቻ አይደለም፣ ልብህም ነው።

አንተን ባይመለከትም ሌላ የሚያነብ ስላለ ባጭሩ ልበል። ጉዳቱ ቀኝ እግር ላይ ከሆነ የነዳጅ መርገጫው ወደ ግራ የሚዞርበት መሣሪያ አለ። ሁለቱም እግር ካልሠራ በእጅ የሚነዳ ዘንግ አለ፤ ስትገፋው ፍሬን ይይዛል፣ ስትስበው ወይም ስትጠመዝዘው ነዳጅ ይሰጣል፤ ሌላው እጅ መሪው ላይ በተገጠመች እንቡጥ መሪውን ያዞራል። በዓለም ላይ ብዙ ሰው በዚህ ይነዳል። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ሰፈር ውስጥ ያለ ብየዳ ቤት «ቀላል ነው፣ እኔ እሠራልሃለሁ» ቢላችሁ የበር እጀታ ይሥራላችሁ፣ የፍሬን ዘንግ ግን አይሥራላችሁ። ብየዳው ቁልቁለት ላይ ቢላቀቅ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ቁልቁለት ካልን እናትህ መጣች። እናትህ ስለ እግርህ ተሳስታለች፣ ስለ ሐረጎ ግን አልተሳሳተችም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ያውም በጠመዝማዛ፣ ያውም ከሲኖትራክና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋህ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ ወርዶ ከአፍንጫህ በላይ የማታይበት ጊዜ አለ። አውቶማቲክ ነጂዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ማርሹን ዲ ላይ ትተው ከላይ እስከ ታች ፍሬን ረግጠው መውረዳቸው ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል። ቪትዝህ እንደ ሞዴሉ ኤል ወይም ቢ የሚል ቦታ አለው። ቁልቁለቱን ስትጀምር ወደዚያ አውርደው፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፤ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረግህ ታግዘዋለህ። ለአንተ ይሄ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልግሃል፤ አንድ እግር ብቻ ስላለህ እንዳይዝልብህ። ክራንችህን ደግሞ ከፊት ወንበር አጠገብ አታቁመው። አንድ ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ፍሬኑ ሥር ይገባና ፍሬኑ አልረገጥ ይልሃል። ከኋላ ወንበር ወለል ላይ አስተኛው። ብረት ያሰርክበትንም እግር እዚያው ግራ ጥግ ላይ አስደግፈው፣ ከፍሬኑ ሥር እንዳይገባ። እናትህን መጀመሪያ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ አዙራት። ሐረጎን ለእሷ ለማሳየት አትቸኩል።

አሁን ወደ ወንድምህ። እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ለእሱ ልፍረድለት። በአንድ ዓይን መንዳት በራሱ ወንጀልም እብደትም አይደለም። ብዙ አገሮች አንድ ዓይን ያለው ሰው የቤት መኪና እንዲነዳ ይፈቅዳሉ። የአውሮፓ መለኪያ ለምሳሌ ደህናው ዓይን ቢያንስ 6/12 ማየት አለበት ይላል፤ ማለትም ጤነኛ ዓይን በ12 ሜትር የሚያነበውን በ6 ሜትር ማንበብ። በዚያ ላይ በአንድ ዓይን ማየቱን በቂ ጊዜ ወስዶ መልመድ አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለወንድምህ ይጠቅመዋል። ዓይኑን ያጣው በልጅነቱ ስለሆነ አእምሮው ለምዶታል። ሁለት ዓይን ርቀትን ለመገመት ይረዳል፣ በተለይ ቅርብ ላለ ነገር። በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ግን በነገሩ ትልቅነት፣ በጥላው፣ በእንቅስቃሴው ይገምታል፣ ከልጅነቱ የለመደው ደግሞ ጎበዝ ይሆንበታል። ዓይኑን አምና ያጣ ሰው ቢሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር።

ችግሩ ያለው ጎን ላይ ነው። አንድ ዓይን ወደ ጆሮ በኩል 90 ዲግሪ ገደማ ወይም ትንሽ በላይ ያያል፣ ወደ አፍንጫ በኩል ግን 60 ገደማ ብቻ። ወንድምህ የሚያየው በቀኙ ስለሆነ ከግራው በኩል ሰፋ ያለ ቁራጭ የለውም። አሁን መንገዳችንን አስብ። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ከፊት የሚመጣው መኪና በግራህ ያልፋል። የሚቀድምህ በግራህ ይመጣል። መኪና ላይ ሾፌሩ ግራ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ የግራው ስፖኪዮ ለእሱ ከሚያይበት ዳር ላይ ነው የሚውለው፣ ፊቱን ካላዞረ ብልጭ ያለ ነገር ላያስተውል ይችላል። ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ለመንዳት ግራ ዓይን ማጣት እኛ አገር ክፉው ዕጣ ነው። አይቻልም አላልኩም። አንገት ማዞር ልማድ መሆን አለበት፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ፣ እያንዳንዱ መስመር ስትቀይር። እሱ ግን ይህን የሚያስተምረው ሰው አላገኘም፤ ምክንያቱም ችግሩ እንዳለበት የሚያውቅ የለም። ሸምድዶ አለፈ። አስተማሪውም ሁለት ዓይን ያለው መስሎት ነው የሚያስተምረው!

ባጃጅ ደግሞ ቀላል መስሎት ይሆናል። ባጃጅ ላይ እጅ ነው ብዙውን የሚሠራው፤ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ፣ ነዳጁ በቀኝ እጅ፣ ቀኝ እግር ፍሬን። (በነገራችን ላይ ይሄ ለአንተም ይሆን ነበር፣ ግራ እግር ምንም ሥራ የለውም።) ግን ባጃጅ የሚሠራው የት ነው? ገበያ ውስጥ፣ መናኸሪያ አጠገብ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ። አህያው፣ ፍየሉ፣ ሕፃኑ የሚመጣው ከጎን ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ቀን ግመሉ ሁሉ አስፋልት ሲሻገር አስበው። በዚያ ላይ ባጃጅ ክፍት ነው፣ አቧራውና ጠጠሩ ፊትህ ላይ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው ያችን አንዷን እንደ ነፍሱ ነው መጠበቅ ያለበት። ሐኪሞች እንዲህ ላለ ሰው ቢፈልግም ባይፈልግም ፖሊካርቦኔት ከሚባል በቀላሉ የማይሰበር ነገር የተሠራ መከላከያ መነጽር እንዲያደርግ ይመክራሉ። ወንድምህን ይህን ማንም ነግሮታል? ሊነግረው የሚችለውን ሰው ነው ያታለለው።

ከባድ መኪናው ግን፣ ወላሂ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሐሳብ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ጂቡቲ። ሌሊት የሚነዳበት፣ ፊት ለፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን የማያወርድበት መንገድ። በእንግሊዝ አገር አዲስ የከባድ መኪና አመልካች የደከመው ዓይኑ እንኳ ቢያንስ 6/60 ማየት አለበት፤ ጭራሽ በማያይ ዓይን አይገባም። አሜሪካ በአውሮፓውያን 2022 ላላ አድርጋለች፣ ግን ሰውየው በየዓመቱ በዓይን ሐኪም እየታየ፣ ደህናው ዓይኑ በደንብ እያየ፣ መንገድ ላይም ተፈትኖ ነው። የትም አገር «ሰሌዳውን ሸምድደህ ግባ» የሚል የለም። ተሳቢ ይዞ መውጣቱን እርሳው በለው። በአንተ ቦታ ብሆን በዚህ ነገር ድርድር ውስጥ አልገባም።

እንዴት ትነግረዋለህ? «እኔ ተከልክዬ አንተ እንዴት» ብለህ አትጀምር፣ ቅናት ይመስለዋል፣ ደግሞ ትንሽ ቅናትም አለበት፣ ደብዳቤህ ላይ ይታያል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ነው፣ ዓይን ሕክምናው ስም ያለው ነው። ደህናው ዓይኑ ስንት እንደሚያይና ጎኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይለኩለት። ምናልባት ደህናው ዓይን 6/6 ይሆናል፣ ሐኪሙም ለአውቶሞቢል ይሆናል ብሎ በእውነተኛ ስሙና በእውነተኛ ዓይኑ ይጽፍለታል። ያኔ የሚደብቀው ነገር አይኖርም። ምናልባት ደግሞ ደህና ያለው ዓይን ራሱ መነጽር ይፈልግ ይሆናል። ይሄን ማወቅ አትፈልጉም? እሺ ካላለ የቪትዙ ቁልፍ እህትህ እጅ ነው። ለእህትህ ንገራት፣ እሷ ትችለዋለች። የባጃጁም ባለቤት ማወቅ ይገባዋል፣ ንብረቱም ስሙም ነው የሚነካው። ይህን መናገር ወንድምን መክሰስ አይደለም፤ ሰው ከገጨ በኋላ «እኔ አውቅ ነበር» ማለት ይከብዳል።

የአጎትህን ጉዳይ ገዳይ በአንድ አንቀጽ ልለፈው፣ ከዚያ በላይ አይገባውም። ሐሰተኛ ማስረጃ ማሠራትም መጠቀምም ወንጀል ነው፣ ይሄን ታውቃለህ። የማታስበው ሌላው ነው። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን መግባት በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። አንድ ቀን ብትጋጭ፣ ጥፋቱ የአንተ ባይሆን እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መንጃ ፈቃድ ነው። በጉዳይ ገዳይ የወጣ ከሆነ ፖሊሱም፣ መድን ድርጅቱም፣ ፍርድ ቤቱም ሌላውን ትተው እሱን ነው የሚይዙት፤ ያኔ እግርህን ያየ ሁሉ «አላልንም?» ይላል። አንተ ደግሞ በቀጥታው መንገድ ልታገኘው የምትችለውን ነገር ነው በሌብነት የምትገዛው። ይሄ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ሳስብ የገረመኝ ነገር፣ በር ላይ የቆመችው ሴት ያየችው የሚታየውን ብቻ መሆኑ ነው። ክራንች ይታያል። የጠፋ ጎን አይታይም። ይሄ በአንተና በወንድምህ ብቻ አይደለም። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ ዳር ዳሩን እየበላ ይመጣል፣ መሐሉ ግን እስከ መጨረሻው ያያል፤ ሰውየው ሰሌዳውን እያነበበ ከጎን የሚመጣውን ላያይ ይችላል። የዓይን ሞራም ሌሊት መብራት ሲበዛበት ነው ጎልቶ የሚታወቀው። ከ40 ያለፋችሁ ሾፌሮች፣ በተለይ ቤተሰብ ውስጥ ዓይነ ስውር ካለ፣ ለፈቃድ ማደሻ ብላችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ ታዩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ደሴ ሸዋ በር ላይ መንገድ ስትሻገር የሚያድናት የዳር እይታችሁ ነው።

በመጨረሻ የሱሪው ጥያቄ። ንገራቸው። መኪናው ውስጥ ከመግባትህ በፊት ፈታኙን «ግራ እግሬ እንዲህ ነው፣ በአውቶማቲክ ቀኝ እግሬን ብቻ ነው የምጠቀመው፣ የፊዚዮቴራፒ ወረቀቴ ይኸው» በለው። ከደበቅከው ፈተናው መሐል ላይ ብረቱን ሲያይ ይደነግጣል፣ አንተም ከመንገዱ ይልቅ ሱሪህን ስታስብ ትውላለህ። የሚጠቅምህን ልብስ ከፈለግህ ጫማህ ላይ አስብ። ቀኝ እግርህ ላይ ሶሉ ቀጠን ያለ፣ ተረከዙ ያልረዘመ፣ በደንብ የሚታሰር ጫማ አድርግ፤ ሸበጥ በፍጹም። ለፈተናው የምታደርገውን ጫማ ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምረህ አድርገው፣ እግርህ ፍሬኑን በዚያው ጫማ ይልመደው።